ለኤምባሲ የተዋሱት ወርቅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆሴ በሚሄደው ባቡር ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ያወሩ ነበር።

«እማዬን ቪዛ ከለከሏት።»

«ወንድምሽ የስዊድን ዜጋ ነው፣ ወደሚሠራበት ጀርመን ወስዷት አብሯት ይኖራል ስትዪ አልነበር?»

«የአውሮፓ ሕግማ ይፈቅዳል። ግን እሱ በሚልክላት ብር እንደምትኖር ማሳየት ነበረባት።»

«በእሱ አይደል እንዴ የምትኖረው?»

«በእሱ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እንደ አሜሪካ ቪዛ ሀብት ማሳየት ያለባት መስሎኝ፣ ያላት ምሰዪ አልኳት። የጎረቤት ወርቅ ተውሳ ኤምባሲ ሄደች። ‹ማን ይረዳዎታል?› ሲሏት፣ ‹ተመስገን፣ የማንንም እጅ አላይም› አለቻቸው።»

«ወርቁንም አንቺ ነሽ ያዘዝሽው?»

«ጉትቻው ትልቅ ይሁን ሁሉ ብያታለሁ።»

ጓደኛዋ ሳቋ አመለጣት።

«ወንድምሽ ምን አለሽ?»

«እሱ የሚቆጣው እሷን ነው። እሷም የኔን ስም አላነሳችም።»

«ኮል አድርጊለትና ንገሪው እንጂ።»

«በምን አፌ?»

ልወርድ ስነሳ ስለ እናቷ ስታወራ ከነበረችው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ያቺው ሴት ቀስ ብላ «ሀበሻ ነሽ አይደል፣ የኔ እህት?» አለችኝ።