ሁለቱም በአንድ መኪና

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ቄስና አንድ ወጣት የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ተቀምጠው ነበር። ወሬውን የጀመሩት ቄሱ ናቸው።

«ልጄ፣ እግርህ ሥር ያለው ካርቶን ምንድን ነው?»

«ሰርቨር ነው መምሬ። የቢሯችን ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር። ለጥገና ሰቆጣ እየወሰድኩት ነው።»

«የመሬት መዝገቡም እዚህ ውስጥ ነው?»

«የወረዳው ገበሬ ሁሉ ድንበር አለበት፤ የእርስዎም ጭምር።»

«እግዚኦ! መኪናው ገደል ቢገባ ድንበሬን ማን ያውቀዋል? ጎረቤቴማ ይኸንኑ ነው የሚጠብቅ!»

«አይስጉ፣ ቅጂ አለው።»

«ተመስገን። ቅጂውስ የት ነው?»

«ይኸው ጉልበቴ ላይ። ሃርድ ዲስክ ይባላል። ሰርቨሩ ሲጠገን መልሼ የምጭነው ከዚህ ነው።»

ዞር ስል ቄሱ ካርቶኑንና ዲስኩን ተራ በተራ ያያሉ።

«እኛ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ስናስገለብጥ፣ ዋናውንና ግልባጩን በአንድ በቅሎ ጭነን ወንዝ አንሻገርም። አንዱ ሲሻገር ሌላው ከወዲህ ይቆያል።»

«በቅሎና መኪና አንድ ነው እንዴ መምሬ?»

«በቅሎዋማ ገደሉን ታያለች። ይኸ ሹፌር ግን ካሴት እየለወጠ ነው!»

ሹፌሩ ራሱ ሳቀ።

«ወራጅ አለ!» አለ ወጣቱ። «መምሬ፣ ካርቶኑን አደራ። እኔ ቅጂውን ይዤ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ።»

«እኔስ ከዋናው ጋር ገደል ልግባ?»

«ድንበርዎ እኔ ጋ ነው፤ ምንም አይስጉ!»

እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በአንድ ክር ያሰርኳቸውን የሱቄን ቁልፍና ቅያሪውን ዳበስኩ።