ግዝት የወደቀባት ትንሽ ሞተር

ከሾላ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ ሸምቼ ገርጂ ስደርስ ዝናብ ያዘኝ። ልጠለል ዘው ያልኩበት ቤት የሞተር ሳይክል መሸጫ ኖሯል። ውስጥ ጎረቤቴ አቶ ገብረሃንስ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ልጃቸው ሳምራዊት፣ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል።

«እንኳን እግዜር አመጣዎት፣ ወይዘሮ አፀደ! ይፍረዱን» አሉኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሳምራዊት ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። በቅርቡ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ አደረጓት። ተቆጣጣሪ ደግሞ ከሠራተኛው ቀድሞ መግባት አለበት፤ የፋብሪካው ሰርቪስ በዚያ ሰዓት አይነሳም። ታክሲ ሰልፍ ላይ እየቆመች፣ እያረፈደች፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። አሁን ብትደግም ቦታው ለሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ስልጠና ገብታ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ከደመወዟ ባጠራቀመችው የምትገዛት አንዲት ቀላል፣ ባትሪዋ ቻርጅ የሚደረግ ሞተር መረጠች።

አባቷ ትንሿን ሞተር ሲያዩ ደማቸው ፈላ። «በገብርኤል ገዝቼሻለሁ! እንዲህ ባለች የብስክሌት ታናሽ ላይ ብትቀመጪ አባት የለሽም!» አሏት። ልጅቷ ጾም ጸሎቷን የማታስታጉል ናት፤ የአባት ግዝት ጥሳ አትሄድም። አባትየው ግን እዚያ ላይ ቢያቆሙ ደግ ነበር።

«ሞተር ካልሽ ይሁን ብያታለሁ» አሉኝ ወደ ጥግ እያመለከቱ። «ግን ይሄን ትልቁን ትያዝ፣ እኔ እጨምርላታለሁ! ይመልከቱት፣ ሰንጋ በሬ ነው። ከባድ ነገር ነፋስ አይጥለውም፤ ሚኒባሱም አይቶ ይፈራዋል። ያቺኛዋ ምንድን ናት? ፌንጣ!»

«ፋዘር ገብቷቸዋል!» አለ ባለሱቁ አብዲሳ፣ ትልቁን ለመሸጥ ጎምጅቶ። «ይሄ ጉልበት ነው። አቀበት አይል፣ ምን አይል!»

«ከዚህ ቦሌ ለሚ ድረስ የምን አቀበት አለ?» አለችው ሳምራዊት። ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ እኔ ገና ለማጅ ነኝ። ትልቁ ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይደርስም። መብራት ላይ ቆሜ ዘንበል ቢልብኝ በምን ልደግፈው?»

«ይለመዳላ! እኔ በልጅነቴ በበቅሎ ስሄድ እግሬ መሬት ይነካ ነበር?»

«በቅሎ እኮ በራሷ እግር ትቆማለች፣ አባባ።»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ይሳቁ፣ ወይዘሮ አፀደ! እናቷ አደራ ብላኝ ነው የሄደችው። ሰውስ ምን ይላል? ገብረሃንስ ላንድ ልጁ መጫወቻ ገዛላት አይሉም?»

«ሰው ይቆየን» አልኳቸው። «ልጅቷ በጎህ ብቻዋን መንገድ ዳር ስትቆም አብሯት የቆመ ሰው አለ?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«እሺ፣ ከሁለቱ የትኛው ነው የሚጥላት?»

«ቀላሉ ነዋ!»

«እስቲ ከባዱን እርስዎ ይያዙት።»

አብዲሳ እየከፋው የሞተሩን ማቆሚያ አጠፈና መሪውን አስያዛቸው። መጀመሪያ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ሞተሩ ትንሽ ወደ ግራ ሲያዘነብል ግን «ኧረ በገብርኤል!» እያሉ አብረውት መውረድ ጀመሩ። አብዲሳና ሳምራዊት ሮጠው ባይይዙላቸው እግራቸው ላይ ነበር የሚያርፈው። ነጠላቸው መሪው ላይ ቀረ።

ላባቸውን ሲጠርጉ ትንሿን ሰጠኋቸው። ገፏት፣ አዘነበሏት፣ ያለ ማንም እርዳታ መልሰው አቀኗት። ሳምራዊት ግዝቱን ፈርታ አልተቀመጠችባትም፤ አጠገቧ ቆማ ኮርቻዋ ዝቅ ያለ፣ እግሯም መሬት የሚደርስ መሆኑን በእጇ ለክታ አሳየቻቸው።

«ፍጥነት ግን የላትም» አለ አብዲሳ ነውሯን እንደሚያጋልጥ።

«ተመስገን!» አልኩ። «ለማጅን ማን አሳደደው?»

አቶ ገብረሃንስ በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ። «ገብቶኛል። ግን በመልአኩ ስም የተናገርኩትን እንዴት ልዋጠው? ሽማግሌ ቃሉን ካጠፈ ምን ቀረው?»

የእኛ የወላጆች ጣጣ ይኸው ነው። እንፈራለን፤ ፈራሁ ማለት ያሳፍረናል፤ ከዚያ የመልአክ ስም ጠርተን በር እንዘጋለን። ልጅ ዝም ሲል ያሸነፍን ይመስለናል።

«አቶ ገብረሃንስ፣ ግዝት ልጅን ከገደል ለማራቅ ነው። የእርስዎ ግን ከሜዳው አግዶ ወደ ገደሉ ነዳት። ይሄን ንስሐ አባትዎ ያውቃሉ፤ እሳቸውን እንጠይቅ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችንም ንስሐ አባታቸው መምሬ ኃይለሚካኤል ዘንድ ሄድን። መምሬ ሁሉንም ሰሙና፣ «ስለ ሞተሩ አጣርተህ ነው የገዘትካት ወይስ ፈርተህ?» አሏቸው።

«ፈርቼ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ፍርሃትህን ለእኔ ሳይሆን ለልጅህ ንገራት።»

አቶ ገብረሃንስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እናትሽን ቀብሬ ከተመለስኩ ወዲህ» አሉ፣ «ከቤት በወጣሽ ቁጥር ዳግመኛ የምቀብር ይመስለኛል። ያው ነው እንጂ ሌላ ነገር የለኝም።»

ሳምራዊት ጉልበታቸውን ሳመች። «ይሄን ቢነግሩኝ እኮ አላለቅስም ነበር፣ አባባ።»

መምሬ ጸሎት አድርሰው ግዝቱን ፈቱ። ለአባትየውም «ሳያውቁ መገዘት ሁለተኛ አይልመድህ» ብለው የስግደት ቀኖና ሰጧቸው።

ትንሿ ሞተር ተገዛች። ሄልሜቱን የገዙት አቶ ገብረሃንስ ናቸው፤ ሦስት ሱቅ አዟዙረውናል። ሳምራዊትም ወዲያው ዋና መንገድ አልገባችም። በየእረፍት ቀኗ ሰሚት አካባቢ ሜዳ ላይ ስትቆም፣ ስትነሳ፣ ስትዞር ሰነበተች። አንዴ ወደቀች፤ ክርኗ ተላጠ፣ ሞተሯን ግን ራሷ አንስታ ቀጠለች። ትልቁ ቢሆን ኖሮ ማን ያነሳላት ነበር?

አሁን በሰዓቷ ትገባለች፤ ቦታዋን አልተነጠቀችም። ሞተሯ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ቻርጅ ትደረጋለች፤ የታክሲው ወጪ ለቤት አስቤዛ ተረፈ። ከሁሉ ከሁሉ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ገብታ ከአባቷ ጋር እራት ትበላለች። መንገዱ አደጋ የለውም አልልም፤ አለው። ለዚህ ነው ለጀማሪ አቅሙን የምታክል፣ የምትታዘዝለት ሞተር የምትሻለው። ትልቅ ነገር ሁሉ መከታ አይደለም። እናንት ወላጆችም፣ ከመገዘታችሁ በፊት ልጃችሁ የመረጠችውን ነገር በእጃችሁ ያዙና እዩት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሳምራዊት ሄልሜቷን ስታጠልቅ አቶ ገብረሃንስ ወደ ሞተሯ ጠጋ አሉና፣ «እስቲ እኔንም ከኋላ ጫኚኝ፣ ቤት አድርሺኝ» አሏት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አልጭንዎትም፣ አባባ። ሰው ለመጫን ገና ነኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን አንስተው፣ «ሰማችሁ? እምቢ አለችኝ!» አሉና በእግራቸው፣ እየሳቁ ወደ ቤት ሄዱ።