እማማ የሺ የያዙልኝ ቃላት

በቀደም ለአለርጂ ጥናት ወደ ደብረ ኤልያስ ስሄድ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለምሳ ቆመ። ሻይ ቤት ልገባ ስል አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዙኝና፣ «ምነው ልጄ፣ በዚያው ቀረሽሳ! አምስቱን ቃል እኮ ይዤልሻለሁ» አሉኝ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ ቆይቶ እማማ የሺ መሆናቸው መጣልኝ። የማስታወስ ችሎታን በማጠናበት ዘመን ቤታቸው ሄጄ አምስት ቃላት ነገርኳቸውና «እስክጠይቅዎ ድረስ ይያዙልኝ» አልኳቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። ዝናብ መጣ፣ የጥናቱ መኪና ሾፌር ጡሩምባ ነፋ፣ ጥያቸው ሄድኩ። ቅጹ ላይ ግን «አንድም ቃል አላስታወሱም» ብዬ ሞላሁ። እድገት ያገኘሁት በዚያ ጥናት ነው።

«መስኮት፣ በቅሎ፣ ደወል፣ ቀይ፣ ማር» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «አደራ ነው ብዬ ጠዋት ጠዋት ከጸሎቴ ቀጥዬ እላቸዋለሁ። ልጆቼ ጃጀች እያሉ ይስቁብኛል። ልክ ነኝ?»

ልክ ይሁኑ አይሁኑ እኔ ምኑን አውቄ! ቃላቱን ረስቻቸዋለሁ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ተመስገን! እንግዲያ ተረከቢኝ። አሁን ልርሳቸው?»

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጮኸ፤ እኔም እንደዚያን ቀኑ ሳልመልስላቸው ሮጥኩ።