ኦቦ ሁሴን ያስነሱት ሞተር

ሮቤ ላይ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ እሸጥ በነበረበት ጊዜ ኦቦ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ ከጎባ መጡና የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ጠንካራ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ መረጥኩላቸው። ማቀዝቀዣውን በውሃ የሚሠራ ላድርግልዎት ስላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቱቦው ቢያፈስ ማን ይደርስልኛል? ትልቅ ፋን አድርግልኝ። የአጨዳ ጊዜ አቧራ እንዳይገባም ወንፊት ግጠምበት" አሉኝ።

እንዳሉት ሠራሁት። ሊረከቡ የመጡ ቀን ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠግተው ጥቂት አዳመጡና "የኋላው ፋን ኩሽኔታው ደህና አይደለም" አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ፈትቼ በጣቴ ሳሽከረክረው ግን እውነትም ይንገጫገጫል። አፈርኩና ቀየርኩት።

ከዚያ ጌሙን ከፈትኩላቸው። ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ የነዳጁንና የዘይቱን ጌጆች አንድ በአንድ አዩ። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ እንደቆመ ብዙ ቆዩ። ማብረሩ የከበዳቸው መስሎኝ "ኦቦ ሁሴን፣ እንዴት እንደሚነሳ ላሳይዎት?" አልኳቸው።

"አየር ኃይል ሳለሁ መካኒክ ነበርኩ" አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "ጠዋት ጠዋት አስነሳለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ደህና ከሆነ ወርጄ ለአብራሪው አስረክባለሁ። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።"

ሞተሩን ጥቂት አዳምጠው ከወንበሩ ተነሱና ቦታውን ለቀቁልኝ።

"ደህና ነው፤ አሁን አንተ አብርረው" አሉኝ።