«ታድግበታለች» ተብሎ የተገዛው ሳይክል

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሼ ስለሺ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዳገቱ መሐል የጎረቤታቸውን ልጅ ሐመልማልን አገኟት። አንዲት አነስ ያለች ሳይክል እየገፋች ትወጣለች። ሽማግሌው ሳይክሏን ከላይ እስከ ታች አይተው ክው አሉ፤ መቀመጫ የላትም።

«ሰረቁሽ?» አሉ ከሰላምታ በፊት።

«ኧረ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እ... ማለቴ...»

«አይዞሽ፣ አትደንግጪ! እነዚህን ኮርቻ ፈቺዎች አውቃቸዋለሁ። ጭራሽ ጎማውንም አስተንፍሰውልሻል!» ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩት። «ጎሚስታው ጋ በኋላ እንሄዳለን። ኮርቻ ግን ከቤት አላጣልሽም፤ ነይ ተከተዪኝ።»

ሐመልማል ከዩኒቨርሲቲ በምህንድስና የተመረቀች ብትሆንም ድምጿ ከአጥር የማያልፍ ልጅ ናት። ጋሼ ስለሺ ደግሞ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ፣ አንዴ መናገር ከጀመሩ ሰው የማያስጨርሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ እውነቱ የወጣው ግቢ ገብተው፣ አሮጌ ኮርቻ ከጓዳ አምጥተው፣ የሚሰኩበት ቀዳዳ ፈልገው ካጡ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ስትሠራም መቀመጫ የላትም» አለች ሐመልማል ፈገግታዋን እየዋጠች። «ትራያል ትባላለች። እግር መሬት ሳይነካ ድንጋይና ደረጃ የሚወጣባት ስለሆነች ቆመው ነው የሚነዷት። ጎማዋም ድንጋዩን ቆንጥጦ እንዲይዝ ተብሎ ነው የላላው፤ ብቻ ብረቱ ቸርኬ ድንጋይ እስኪመታ ድረስ አየሩ አይቀነስም። ኢየሩ እንድትሞክራት ከጓደኛዬ ተውሼ ነው።»

የኢየሩ ስም ሲነሳ የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ኢየሩ የልጅ ልጃቸው ናት። ፈተና ስታልፍ ትልቅ ሳይክል ገዝተውላት ነበር፤ ባለፈው እሑድ ከሐመልማል ጋር በዚያው ሳይክል ድንጋይ መውጣት ስትለማመድ ወድቃ እጇ ወለም አላት።

«አይሆንም፣ ልጄ። የድንጋዩ ነገር ይብቃ። ሰኞ ሳይክሉን እሸጠዋለሁ፤ እሷም እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች።»

በር ላይ ቆማ የምትሰማው ኢየሩ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሐመልማል ይህን ስታይ እንደምንም ደፈረች።

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጣላት ሳይክሉ ስላልሆናት ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም።»

«እንዴት አይሆናትም? ትልቁን መርጬ፣ ታድግበታለች ብዬ!»

«አባባ፣ እስካድግበት ድረስ እኔ አልቃለሁ!» አለች ኢየሩ ከበሩ።

«ዝም በይ አንቺ! ምላስሽማ ቀድሞሽ አድጓል።» ጋሼ ስለሺ ግን ሳቃቸው ከቁጣቸው ቀደመ።

ሐመልማል ትልቁን ሳይክል ከግድግዳው አንስታ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችውና ኢየሩን ወለም ያለ እጇን ሳታስጨንቅ ፔዳሎቹን እኩል አድርጋ እንድትቆምበት ነገረቻት። የልጅቷ ክንድ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጠረ። ወገቧ ወደ ፊት ተሳበ፤ ወደ ኋላ ልትል ስትሞክር የፊት ጎማው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በትንሿ ላይ አቆመቻት። አሁን ክንዷ ጥቂት እንደታጠፈ ቀረ፣ ጉልበቷም መላወሻ አገኘ። ሐመልማል መሪውን ትንሽ ወደ ፊት አዞረች፤ የፍሬኑንም መያዣ በአንድ ጣት እስኪደረስበት አቀረበችው። ኢየሩ ወገቧን ወደ ኋላ ሳብ ስታደርግ የፊት ጎማው እንደ ዋዛ ብድግ አለ።

«አየሽ አባባን?» አለች ኢየሩ ለሐመልማል፣ የሽማግሌውን አፍ በአገጯ እያሳየች። አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል።

ጋሼ ስለሺ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ይሁን፣ ዛሬ ልኳ ነች። ከርሞ ሲያጥራትስ? ሌላ ልግዛ?»

«ጋሼ፣ የተማሪ ሱሪ ሲሰፉ ትርፍ ጨርቅ ይተዉ የለም?»

«እንዴታ! እናቶች የሚመርቁኝ በምን ሆነና።»

«ትርፉን የት ያደርጉታል?»

«ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ ነዋ።»

«ልጁ ዛሬ ሱሪውን መሬት ለመሬት እየጎተተ እንዲሄድ አያደርጉም?»

«ስሜ ይጥፋ እንዴ!»

«የዚችም ትርፍ እዚህ ነው የታጠፈው» አለች ሐመልማል፣ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውን አንገት እየዳሰሰች። «ስትረዝም አንገቱ በረጅም ይለወጥላታል፣ መሪውም ከፍ ይላል። ፍሬም ግን አንዴ ከተበየደ እንደ ጨርቅ አይጠብም። ደግሞ በዚህ መጠን ጎማ አዋቂዎችም ይወዳደራሉ።»

የሽማግሌው እጅ በልማድ አንገታቸው ላይ ወደተንጠለጠለው ሜትር ሄደ። የኢየሩን ክንድ ከትከሻ እስከ አንጓ ለኩ፤ ቀጥለው በሁለቱም ሳይክል ከቆመችበት ፔዳል እስከ መሪው ያለውን ለኩ። ደግመው ለኩ።

«በዕድሜዬ ሰው ሳልለካ አንድ ኮሌታ እንኳ ቆርጬ አላውቅም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለገዛ ልጄ ጊዜ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁ።»

«ስለሚወዷት ነው ጋሼ» አለች ሐመልማል።

እውነቷን ነው። ወላጅ ልጁን ሲወድ ነገን አብዝቶ ያስባል፤ ጫማው ሰፊ፣ ኮቱ ረጅም ይሆናል። ይሁን እንጂ ልጅ የሚራመደው በዛሬ እግሩ ነው። ልኩ የሆነ ዕቃ ገላን ከወለምታ ያድናል፣ ጉልበት ይቆጥባል፣ ድፍረት ይሰጣል፤ ሲያጥር ደግሞ ደህና እንደሆነ ለሌላ ልጅ ይተላለፋል። «ያድግበታል» የተባለው ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ሳያድግበት ማዕዘን ላይ ቆሞ ያረጃል።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ስለሺ ትልቁን ሳይክል እየገፉ፣ ኢየሩን አስከትለው ወደ ሻጩ ሄዱ። እዚያም አንድ በአንድ እያቆሙ ለኳትና ልኳ በሆነች ትንሽ ትራያል ለወጡላት። እጇ ከዳነ በኋላ ኢየሩ እግሯ መሬት ሳይነካ የመጀመሪያውን የድንጋይ እርከን ወጣች።