ባለ ሁለት ዐይኗ ተርብ

— ሄሎ... ሄሎ፣ አቤት... አዎ፣ ቡሬ ነው። ይርሳው ነኝ... ይርሳው፣ ሰዓሊው። ማን ልበል?... ዓለምብርሃን? አንተ ነህ? ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል... ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ጣሊያኑ ሻምበል ሰው ልኮ ሲያስጠራኝ ሊያስረኝ መስሎኝ ልቤ ጠፍቶ ነው የመጣሁ... የለም፣ ጣሊያኖቹ ምሳ ላይ ናቸው። እኔና ዘበኛው ሀይሉ ብቻ ነን።

— ትሰማኛለህ?... እኔስ እሰማሃለሁ፣ ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል እንጂ። አስተርጓሚነቱ እንዴት ይዞሃል? አዲስ አበባስ?... እሺ፣ እሺ፣ ያ ነፍሳት የሚያጠናው ጣሊያን ዶክተርህ አጠገብህ ከሆነ፣ ተርቧ ስላለችበት ድንጋይ እናውራ... አለ። አንገቴ ላይ ነው፣ እንደ ክታብ በቆዳ ሰፍቼዋለሁ። «ስለህ ስትጨርስ ትልከዋለህ» ብሎ የሰጠኝን አደራ እጥላለሁ?

— ሥዕሉስ ደረሳችሁ?... ደግ... ምን?... ሳቀ? ምን ብሎ?... «ተርብ ሳል አልኩት እንጂ መልአክ ሳል አላልኩትም»...

— ቆይ፣ ቆይ። ፊቷን ወደኛ አዙሬ፣ ሁለት ዐይኗን አውጥቼ፣ ክንፏን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ሳልኳት። ታዲያ እንዴት ልስላት ኖሯል?... በጎን? በአንድ ዐይን?... ዓለምብርሃን፣ አንተ የቄስ ልጅ አይደለህም? በአንድ ዐይን የሚሳለው ማነው?... እህ። ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ናቸው። ይቺ ተርብ ምን በደለች? ዛፍ ላይ አርፋ ሙጫው ያዛት፣ ሙጫውም ድንጋይ ሆነባት፣ ይኸው ነው... ገባኝ... ገባኝ አልኩህ። በጎን ካልሆነ ወገቧም ክንፏም አይለይም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁሉም የቤተክርስቲያን ግድግዳ ይመስለኛል።

— ሌላ ስዬ በምን ልላክ? ደምበጫ ላይ መንገዱ ከተዘጋ ሰነበተ። ማን እንደዘጋው በስልክ አይወራም... ማክሰኞ? ዶክተሩ ማክሰኞ ወደ ሮም ነው የሚሄድ?... እንግዲያስ በቃል ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ።

— ሀይሉ፣ እባክህ ያን መስኮት ክፈትልኝ... ብርሃን ፈልጌ ነው፣ የዶክተሩ ሥራ ነው... አለሁ፣ ዓለምብርሃን። ማጉያ መነጽሩን እስካወጣ ታገሠኝ... እንዴት ያምራል፣ ማር ነው የሚመስለው። አንድ የጅጋ ገበሬ ዕጣን መስሎት ለቤተክርስቲያን ሲሰጠው፣ ዲያቆኑ ፍም ላይ ሊጥለው ነበርኮ... ይህን አትጻፍ፣ ላንተ ነው የማጫውትህ።

— ጻፍ። ሁለት የጤፍ ፍሬ ጫፍና ጫፍ ቢገጣጠም ነው ቁመቷ። ቀንዶቿ ረዣዥም ናቸው፣ የግራው ጫፉ ተሰብሯል። ወገቧ ክር ነው። መውጊያዋ ከኋላዋ ወጥቶ ይታያል፣ ከራሷ ቁመት ይበልጣል... አዎ፣ ይበልጣል። ክንፏ... ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የዛሬ ተርብ ክንፍ ድንበር እንዳለው ማሳ በጅማት የተከፋፈለ ነው። የዚች ግን ከፊት በኩል አንድ ወፍራም ጅማት ይሄድ ይሄድና መኻል ላይ ይቀራል። ሌላው ባዶ ነው... ባዶ፣ አዎ... እግሮቿ? አራቱን ሰብስባለች፣ የፊተኞቹን ሁለቱን ዘርግታለች። አንድ ነገር ልትይዝ የፈለገች ትመስላለች።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ምን አለ ዶክተሩ?... አዲስ ዓይነት ብቻ ሳትሆን አዲስ ወገን? ልዩነቱ ምንድን ነው?... እህ። ከሚያውቋቸው ተርቦች ከየትኛዎቹም ጋር አትመደብም፣ ለራሷ ቤት ይከፈትላታል... በዚያ ቤት ሌላ ማን አለ?... እሷ ብቻ?... አንዲት ብቻዋን ወገን ትባላለች እንዴ፣ ጃል?

— ምንም አልሆንኩ። ዶክተሩ ወጣ?... እንግዲያስ እውነቱን ልንገርህ፣ ብቸኝነቱ ጎድቶኛል... ወለተ ሐና? ሚስቴማ ሄደች። ወደ ወንድሟ ነው፣ ወንድሟ የት እንደገባ ታውቃለህ... አልፈርድባትም። «የጣሊያን እንጀራ ከምበላ የዱር ቅጠል ይሻለኛል» ብላ ነው የወጣች። የቡሬ ሰውም ሰላም አይለኝ። ቅዳሴ ስገባ ቦታ ይለቁልኛል፣ ለክብር እንዳይመስልህ። ገበያ ብወጣ የጠየቅሁትን ይሰጡኛል፣ ዋጋ ግን አይከራከሩኝም። ሰው ዋጋ እንኳ ካልተከራከረህ ምን ቀረህ?... መጫወቻዬ ይቺው ተርብ ናት። ጧት ጧት እንደምን አደርሽ እላታለሁ... ሳቅ፣ ሳቅ። እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

— ስማኝማ፣ መንገዱ ሲከፈት ድንጋዩን አንተው መጥተህ ውሰደው... አይ፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ፋሲካን አብረን እንፈታለን፣ በጉን እኔ እችላለሁ። እንደ ቅኔ ቤታችን ጊዜ እስኪነጋ... ምን አልክ?... አንተም? ከዶክተሩ ጋር?... ለስንት ጊዜ?... አይታወቅም...

— ደግ... አይ፣ አላዘንኩም... አዝኛለሁ እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ። የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነበርህ... ድንጋዩን? የላካችሁት ሰው ሲመጣ እሰጠዋለሁ። አደራ አልበላም።

— እንዳትዘጋው... ወሬ ባይኖርህም ግድ የለም። ዝም ብለህም ቢሆን ትንሽ ቆይልኝ... ሄሎ?... ዓለምብርሃን?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ምንም አይሰማም። ሽቦውን ቆረጡት... ሄሎ...

— ምን አልከኝ፣ ሀይሉ?... መስመሩ ሞቷል?... የለም፣ አልተቆረጠም። አለ፣ እያወራኝ ነው። ትንሽ ታገሠኝ።

— አዎ፣ ዓለምብርሃን... ኸረ?... ሮም መሄዱን ተውከው?... እሰይ... ና እንጂ፣ ምን ትጠይቀኛለህ። ቤቱ እንደሆን ባዶ ነው... እሺ... እሺ... በል ደህና ሁን፣ ወንድም ዓለም።

— እንካ፣ ሀይሉ፣ ጨርሰናል... አዎ። ለፋሲካ ይመጣል።