ከብዶ የሚረክስ በርሜል

እስቲ ቀረብ በሉ ልጆቼ። በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰኔ ግም ሲል። ሁሩታ ያለው ወንድሜ ማረሻው ተሰብሮበት «ዝናቡ ጥሏል፣ ሳልዘራ እንዳልቀር ድረሽልኝ» ብሎ ላከብኝ። ለእሱ ማረሻ፣ ለሚስቱ የውሃ በርሜል ገዛሁና እዚሁ ናዝሬት ዕቃ ማስጫኛው ወሰድኩ። እዚያ ዕቃ የሚቀበለው ሰውዬ ማረሻውን መዘነ። በርሜሉን ግን መዝኖም አልበቃው፣ በሜትር ለካውና «እትዬ፣ ይሄኛው በኪሎ ከማረሻው ይወደዳል» አለኝ። «ጓድ፣ ባዶ እኮ ነው!» ስለው «ባዶ ስለሆነ ነዋ! ሳይከብድ ቦታ ይይዛል። ለያዘው ቦታ ከበድ ቢል የጭነት ዋጋ ደረጃው ይለወጥና በኪሎ ይረክስ ነበር» አይለኝም!

እኔ እቴ፣ ከብዶ የሚረክስ ነገር የት አውቄ! ብቻ «ከበድ ቢል» ያላትን ይዤ ወጣሁና ማረሻውን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩት፤ አላረካኝ ሲል የጎረቤት የተሰበረ ወፍጮ ድንጋይ ጨመርኩበት። ጫኞቹ ቢታገሉት ንቅንቅ አልል አለ። «ምን ከተው ነው?» ሲለኝ ተቀባዩ፣ «ድንጋይ ነዋ፣ እንዲረክስልኝ!» አልኩት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እትዬ፣ የድንጋዩም ኪሎ እኮ ይከፈልበታል!» ታዲያ ረከሰ ወይስ ተወደደ? ይሄንን ስንጨቃጨቅ መኪናው ሞልቶ ሄደ። ማረሻዬን ታቅፌ በአውቶቡስ ሁሩታ ገባሁ፤ ወንድሜም ዘራ። በርሜሉን በኋላ ባዶውን ላክሁት። ወንድሜ አርጅቶ አረፈ፣ ሚስቱ አሰላ ልጆቿ ጋ ናት፤ ተቀባዩ ሻሸመኔ ተዛወረ አሉ። እኔ ይኸው አለሁ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም።